እየራቀ የሄደው እንቁላል

ከሆስፒታል በተመለስንበት ቀን አመሻሽ ላይ ቤታችን ውስጥ እነማን እንደነበሩ አስቀድሜ ልጻፍ፤ በኋላ የሆነውን ሁሉም በየራሱ መንገድ ነው የሚያወራው። እናቴ ነበረች፤ መስኮቱ ሥር ባለው ሶፋ ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀምጣለች። አክስቴ ነበረች፤ የእናቴ ታላቅ ናት፣ ከሳንሱሲ ሁለት ታክሲ ይዛ መጥታ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አላወረደችም። ታናሽ እህቴ ነበረች፤ ቤቴል ካለው ካፌ ሥራዋን ጨርሳ ገና መግባቷ ስለነበር የካፌው ሽርጥ ከጃኬቷ ሥር ይታያል። ጎረቤታችን ነበሩ፤ ግቢ የምንጋራቸው ሙስሊም እናት፣ እናቴ «ጎረቤቴ» ብቻ እያለች የምትጠራቸው፣ እኔና እህቴ ደግሞ እትዬ የምንላቸው። የእትዬ የመጨረሻ ልጅ ነበረች፤ አራት ወር ያልሞላው ሕፃኗን ታቅፋ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ ቆሜ ነበር።

የቆምኩት ሐኪሙ ያለውን እንዳለ እንድነግራቸው ስለጠበቁ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ሌላ ሰው ሲደነግጥ እኔ ቃል እይዛለሁ። እናቴ ከጡት ካንሰር ቀዶ ጥገናና ከኬሞ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ የምትወስደው መርፌ ነበራት። በሽታው ተመልሶ እንዳይመጣ የሚጠብቃት እሱ ነው ተብለናል። ያን ቀን የልብ አልትራሳውንድ ተነሣች፤ ሐኪሙ ምስሉን አየ፣ ደግሞ አየው፣ ከዚያ ልቧ ከበፊቱ ደክሟል አለን። መድኃኒቱ አንዳንድ ሰው ላይ ልብ ያደክማል። ስለዚህ መርፌውን ለጊዜው አቆመው። አንድ የልብ ክኒን ጨመረላት፣ ከፋሲካ በኋላም ተመልሰን እንድንመጣ ቀጠረን። ያኔ ልቧ ተሽሎት ከተገኘ መርፌው ይቀጥላል፤ ካልሆነ ግን ይቀራል። ከቀረ ምን እንደሚሆን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ከዚያ ደግሞ ስለ ኑሮዋ ተናገረ። ይራመዱ አላት፤ በየቀኑ፣ በትንሽ በትንሹ፣ መተኛት አያብዙ። ጨው ይቀንሱ። ቅባት አያብዙ። ግን ከስተዋልና ሰውነት የሚመልስ ምግብ ያስፈልግዎታል፤ እንቁላል፣ ምስር፣ አትክልት ይብሉ። ይኼን ሁሉ ቃል በቃል ደገምኩላቸው። ስጨርስ አክስቴ የሰማችው «ከስተዋል» የሚለውን ብቻ ነበር።

«አየሽ፣ እኔስ ምን ስል ነበር?» አለች ወደ እናቴ ዞራ።

እህቴ የሰማችው ጨውን ነው። ወዲያው ጓዳ ገብታ የጨው ዕቃውን ከፍ ወዳለው መደርደሪያ ሰቀለችው። እትዬ ምን እንደሰሙ አላውቅም። ነጠላቸውን አስተካክለው አላህ ይማርሽ ብለው ወጡ። እናቴ የሰማችው ካልሆነ ይቀራል የሚለውን እንደሆነ ግን ፊቷ ላይ አይቻለሁ።

እኔ አየር ጤና ላይ ስልክ እጠግናለሁ። ትምህርት ቤት አልተማርኩትም፤ የተማርኩት የተበላሹ ስልኮችን በመፍታትና የሌሎችን ሥራ በማየት ነው። በዚህ ሥራ አንድ ደንብ አለ። አንድ ጊዜ የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባትሪውንም መስመሩንም ስክሪኑንም አንድ ላይ ከቀየርክ ስልኩ ቢነሣም በምን እንደተነሣ አታውቅም፤ በሚቀጥለው ጊዜም ያው ግራ እንደገባህ ትቆማለህ። እናቴ ላይ የሆነው ይኼ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ሳምንት ተቀየረ፤ የቀያሪዎቹም ቁጥር ብዙ ነበር።

ጊዜው ሁለቱ ጾሞች የተገናኙበት ነው። እኛ ሁዳዴን በያዝን በጥቂት ቀን ውስጥ እትዬ ቤት ረመዳን ገባ። እናቴ እንቁላል ብዪ ስትባል መጀመሪያ የጠየቀችው የንስሐ አባቷን ነው። በስልክ፣ ለመድኃኒት ስለሆነ ብዪ፣ እግዚአብሔር ያውቃል አሏት። ይኼን የሰማችው አክስቴ በማግሥቱ ከሳንሱሲ በፌስታል ቅቤ ይዛ መጣች። ሐኪሙ ቅባት አያብዙ ብሏል አልኳት።

«ጾሙ ከተገደፈ አይቀር በደንብ ይገደፍ» አለችኝ።

ቅቤው ፍሪጅ ገባ። እህቴ ከፊት ታነሣውና ከጀርባ ታስቀምጠዋለች፤ አክስቴ መልሳ ከፊት ታደርገዋለች። ለሁለት ወር ያህል ያ ፌስታል ቦታ ሲቀያይር ኖረ።

እኔም ማታ ማታ በስልኬ አነብ ነበር፤ ባነበብኩ ቁጥር ግራ መጋባቴ ይብሳል። አንዱ እንቁላል የልብ ጠላት ነው ይላል፣ ሌላው ምንም አይልም ይላል። አንዱ ካንሰር የታመመ ሰው ስኳር አይንካ ይላል፣ ሌላው ውሸት ነው ይላል። የሚጠይቁን ሰዎች ደግሞ ሌላ ነበራቸው። ጥቁር አዝሙድ፣ የሽፈራው ቅጠል፣ ነጭ ሽንኩርት በማር። ሆስፒታል ያለችውን ነርስ ስጠይቃት እንቁላሉ በልኩ ችግር የለውም፣ ሌላውን ግን ሐኪሙን ሳትጠይቁ ከመድኃኒቱ ጋር አትደባልቁ አለችኝ። በልኩ ማለት ምን ያህል እንደሆነ ልጠይቃት ስል ወረፋው ገፋኝ።

እናቴ እንቁላሉ ቢፈቀድላትም ቤቷ ውስጥ ልትበላው አልቻለችም። ጠያቂ ይመጣል። በሁዳዴ ከዚህ ቤት የእንቁላል ሽታ ሲወጣ ለስንቱ ነው የምናገረው አለች። የጠያቂው ነገር ደግሞ መራመዱንም ያዘው። እኛ ሰፈር ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ በሽተኛ የሚጠበቀው ተኝቶ ነው። ከሰዓት በኋላ የውጭው በር ሲንኳኳ እናቴ ምስር እየለቀመችም ቢሆን ትነሣና አልጋዋ ላይ ትወጣለች፤ ጋቢዋን እስከ ደረቷ ትስባለች፤ ድምጿ ራሱ ይቀንሳል። አንድ ቀን ለምን እንደምትተኛ ጠየቅኳት።

«ብርቱካንና ስኳር ተሸክመው ዳገቱን ወጥተው መጥተው ቆሜ ልቀበላቸው?» አለች። «ደህና ሰው ልንጠይቅ ነው የመጣነው እንዲሉኝ?»

ጠያቂዎቹም ተኝታ ሲያገኟት እንዳትነሺ፣ እንዳትንቀሳቀሺ ብለዋት ይሄዳሉ። ሐኪሙ አይተኙ ያላትን ሴት ሰፈሩ ሁሉ ተኚ ይላታል።

መፍትሔውን ያመጡት እትዬ ናቸው። እሳቸው ቤት በቀን የሚመጣ ሰው የለም፤ ሁሉም ጾመኛ ነው፣ ያልተኛው ገበያ ነው። ስለዚህ እናቴ ጠዋት ጠዋት ግቢውን ተሻግራ እትዬ ጓዳ ትገባና የተቀቀለ እንቁላሏን በልታ ትመለሳለች። ሌሊት ለሱሁር ምግብ የተነሡ፣ ውሃ እንኳ የማይቀምሱ ሴት እንቁላል ቀቅለው፣ ልጠው፣ ሳህን ላይ አድርገው ያቀርቡላታል። ሽታው አያስቸግርዎትም ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። የሚያስቸግረኝ ውሃው ነው፣ እንቁላልን ማን አስታወሰው አሉኝ።

ይኼ ለተወሰነ ጊዜ በደንብ ሄደ። ከዚያ እንቁላሉ ራቀ።

እትዬ የጋዝ ሲሊንደሬ አለቀብኝ አሉ። ልጄ ቤት ትብላ አሉ። ልጃቸው የምትኖረው ከመስጊዱ በታች ነው፤ ከእኛ በር በኮብልስቶኑ ቁልቁለት ወርደህ፣ አናጺውን አልፈህ፣ በስተግራ። የምታጠባ ስለሆነች አትጾምም። ብቻዬን ስበላ ጉሮሮዬን ያንቀኛል፣ አብረን እንበላለን ብላ እናቴን ለመነቻት። እንቁላሉም የሐበሻ እንቁላል ነው፣ ከገዛ ዶሮዎቼ አለቻት። እናቴ የሱቁን እንቁላል ስለማትወድ ይኼ አሸነፋት። በመጀመሪያው ቀን ስትሄድ አናጺው በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አረፈች፤ ስትመለስ ደግሞ ዳገት ስለሆነ እዚያው ተቀመጠች፣ ትንሽ ሄዳም እንደገና ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ከኋላዋ እየተከተልኩ ነበር። እንድደግፋት አልፈለገችም።

እኔን ያጠራጠረኝ እንቁላሉ ነው። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ የእትዬ ልጅ ሕፃኗን አዝላ እኛ በር ላይ ካለው ሱቅ እንቁላል ስትገዛ አየኋት። ትልልቁን፣ ነጩን፣ የፈረንጁን። እንቁላሉን በፌስታል አንጠልጥላ ቁልቁለቱን ወረደች። ከዚያ በኋላ እናቴ ያንኑ እንቁላል ለመብላት በዚያው ቁልቁለት ወረደች። ግቢዋን አውቀዋለሁ፤ ዶሮ የለም። ነገሩ አልገባኝም። ለምን እንደሚዋሽ፣ ማን ማንን እንደሚዋሽ፣ ለእናቴ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል፣ ምኑንም አላወቅኩም። ዝም አልኩ።

አክስቴ ግን ዝም አላለችም። እህቷን ልታስታምም ጓዟን ይዛ እኛ ቤት ገብታ ነበር፤ በሽተኛ ፀሐይ ላይ ሲንከራተት ማየቱ አቃጠላት። አክስቴ እትዬን አንቺ ነው የምትላቸው። እርስዎ ያለቻቸው ቀን ተቆጥታለች ማለት ነው።

«እህቴ ቤቷ እንቁላል አጥታ ነው እንዴ መስጊድ ሥር ድረስ የሚሰዷት?» አለቻቸው።

«ሲሊንደሬ አልቆ ነው» አሉ እትዬ።

«እኛ ቤት እሳት አለ።»

«እናንተ ቤት ሰው ይበዛል።»

በማግሥቱ የእናቴ ስኒከር ጠፋ። እህቴ ከደመወዟ የገዛችላት ነው፤ ሁልጊዜ በሩ ሥር ይቀመጥ ነበር። አልጋ ሥር፣ ሶፋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ፈለግን፤ የለም። አክስቴም አብራን ፈለገች። እናቴ በእህቴ ነጠላ ጫማ ወጣች፤ ኮብልስቶኑ ላይ ሲያዳልጣት ጊዜ ተመለሰች።

በዚያው ሰሞን ነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠያቂዎች መጥተው እናቴ እንደ ልማዷ አልጋዋ ላይ የወጣችው። ትንፋሽ ያጥረኛል አለቻቸው። አይዞሽ አሏት። እኔም እህቴም አልደነገጥንም፤ ለጠያቂ እንደዚያ ነው የምትሆነው። ሰዎቹ ቡናቸውን ጠጥተው፣ እግዜር ይማርሽ ብለው ወጡ፤ የውጭው በር ተዘጋ። ሌላ ጊዜ በሩ ሲዘጋ ጋቢዋን ገፍፋ ትነሣለች። ያን ቀን አልተነሣችም። ትራስ ጨምሩልኝ አለች። ጋቢውን ከእግሯ ላይ ሳነሣው ቁርጭምጭሚቷ አብጧል። በጣቴ ጫን ሳደርገው የጣቴ ጉድጓድ እዚያው ቀረ።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «መንገዱ ነው» አለች። «ገደላችኋት።»

እውነቷን ሊሆን ይችላል። ቁልቁለቱን የወረደችው ዳገቱንም የወጣችው በዓይኔ ፊት ነው። ኮንትራት ታክሲ ጠርተን ቤቴል ወዳለው ክሊኒክ ወሰድናት። የተቀበለችን ወጣት ሐኪም እግሯን አየች፣ ደረቷን አዳመጠች፣ ሆስፒታል የሚከታተላት ሐኪም ዘንድ ደወለች። ከዚያ የጠየቀችው ስለ መንገዱ አይደለም።

«ምን እየበሉ ነው?» አለች።

አንድ በአንድ ነገርኳት። የእናቴ ድስት ለብቻው ነው፤ ማንም አይነካውም። ጨው የምንለካው በሻይ ማንኪያ ነው፤ ማንኪያውን ራሴ ነው የመረጥኩት፣ ሲለካ በቢላ ጀርባ ይስተካከላል። ሐኪሟ ሰማችኝና ሰውነታቸው ግን ውሃ ይዟል፣ ይኼ የጨው ነገር ይመስላል አለች። መራመዱን በተመለከተ፣ እብጠቱ እስኪወርድ ይረፉ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ይቀጥሉ አለች። ውሃ የሚያስወጣ ክኒን ሰጠችን።

ቤት ስንመለስ ጓዳ ገብቼ የእናቴን ድስት ከፈትኩ። የምስር ወጥ ነው፣ ያለ በርበሬ። ከጠዋት ጀምሮ ጾም ውዬ ነበር፤ አሰብኩበትና በማንኪያ ቀመስኩት። ለመዋጥ አልቻልኩም። ባሕር ነው።

እህቴን ጠራኋት። እሷ ጎህ ሲቀድ ካፌ ከመሄዷ በፊት ነው የምትሠራው፤ በማንኪያው ለክታ አንድ ጊዜ ብቻ ጨምራለች። አክስቴን ጠየቅኳት። መጀመሪያ ምንም አላደረግኩም አለች። ቆይታ ግን፣ ልጅቱ ስትጾም አትቀምስም፣ ፈርታ አሳንሳ ይሆናል ብዬ ትንሽ ጣል አደርግበታለሁ አለች። ቀምሰሽዋል ወይ አልኳት።

«በጾም ሰዓት?» አለችኝ፣ እኔ ያበድኩ ይመስል።

ይኼን ያህል ጨው ግን ከሁለት ሰው አይመጣም። ግቢውን ተሻግሬ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። አክስቴ ቅዳሴ ስትሄድ እኛ ቤት መጥተው ድስቱን የሚያሞቁት እሳቸው ናቸው።

«ወላሂ በቁንጥር ነው» አሉ። «አክስትህ ጾመኛ ናት፣ አትቀምስም። እናትህ አልጫ ሆኖባት ትበላለች ብዬ አዘንኩላት።»

«እርስዎስ ቀምሰውታል?»

«እኔ በምን አፌ ልቅመስ?»

ሦስት ሴቶች፣ በሁለት ጾም፣ አንድ ድስት ላይ። ሦስቱም ሌላዋ አልቀመሰችም ብለው ልክ ነበሩ። አንዷም ሌላዋ ትርፍ ጨው ጨምራለች ብላ አላሰበችም። የምትበላው እናቴ ደግሞ ከኬሞው ወዲህ ምላሷ ጣዕም አይለይም፤ ሁሉም ነገር ብረት ብረት ይለኛል ነው የምትለው። የተሰጣትን በልታለች። እኔ ማንኪያ ስለካ ድስቱ ከእኔ ጀርባ በዓይን ግምት ሲጨመርበት ነበር።

ማንም ማንንም አልተቆጣም። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፤ ጠዋት እናቴ እግሯን ከአልጋ ስታወርድ ስኒከሯን እዚያው አገኘችው፤ ታጥቦ፣ ክሩ ሳይቀር ነጥቶ። ማን እንዳስቀመጠው አልተጠየቀም። ደርቆ ነበር፤ ይኼ ማለት የታጠበው ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ነው። እናቴ አገላብጣ አየችውና አጠለቀችው።

ከዚያ በኋላ ድስቱም እንቁላሉን ተከተለ። ከሁለቱ ቤት ሰው ጾም የሌለባት የእትዬ ልጅ ብቻ ስለሆነች ቀማሽ እሷ ሆነች። እህቴ ወጡን ያለ ጨው ትሠራለች፤ ጨው የሚገባበት እዚያ ነው፣ በእኔ ማንኪያ፣ ተቀምሶ። ነገሩ አሁን ልክ ያዘ ብዬ ነበር። ግን እንቁላሉ እንደገና ራቀ። የእትዬ ልጅ ከወለደች ጀምሮ ዘግታው የነበረውን የጨርቅ ሱቋን ከፈተች። ሱቁ አየር ጤና ነው፤ ከእኔ ሥራ ቦታ ትይዩ፣ ከጋራዦቹ ወዲህ። ሕፃኑም፣ ምሳ ዕቃውም፣ እንቁላሉም ወደዚያ ሄዱ።

እናቴ መጀመሪያ በታክሲ ሞከረችው። ጠዋት ያለውን ግፊያ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀዶ ጥገና በተደረገላት በኩል ያለውን እጇን ማንሣት አትችልም፣ ሰው ሲገፋት ያማታል። ስለዚህ በእግሯ መጣች። አንድ ስልክ ከፍቼ አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ እንዳደረግኩ ቀና ስል፣ ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች ሴት ከጎማ ቤቱ ጥግ ብቅ ስትል አየሁ፤ ጭጋግ ነገር ስለነበረችብኝ ማን እንደሆነች አልለየኋትም። መነጽሩን ሳወርድ እናቴ ናት። ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበችና መንገዱን ግራ ቀኝ አይታ ተሻገረች። ከጨርቆቹ ኋላ፣ መጋረጃ ጀርባ ገብታ ከእትዬ ልጅ ጋር በላች። የሚያውቃት ጠያቂ እዚያ የለም፣ የሚያስተኛትም የለም። እየቆየ ሲሄድ ጥግ ላይ መቆሟን ተወች። አንዳንድ ቀን እኔ ዘንድ ጎራ ብላ፣ ይኼ ሁሉ ቡሎን እንዴት አይጠፋብህም ትለኛለች። ከሰዓት በኋላ ግን ቤት ገብታ አልጋ ላይ ናት፤ ጋቢው እስከ ደረቷ። ሁለቱም እውነት ይሁኑ ወይስ አንዱ፣ ለማወቅ ያስቸግረኝ ነበር።

ኢድ ሆነ። እትዬ ጾም ፈቱ። አሁን መቅመስ ይችላሉ፤ ሲሊንደሩንም የልጃቸው ባል አስሞልቶ ሲያስገባው አይቻለሁ። እንቁላሉ ወደ ግቢያችን ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ። አልተመለሰም። አንድ ጠዋት ሳገኛቸው ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ጋዙ ተሞላ አይደል?»

«ተሞልቷል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝና ልብስ ማስጣታቸውን ቀጠሉ።

ፋሲካ አለፈ። በቀጠሮው ቀን ሆስፒታል የሄድነው እናቴ፣ አክስቴና እኔ ነን። አልትራሳውንዱ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ገባች። አክስቴ አግዳሚው ላይ ሆና ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እኔ የግድግዳውን የተላጠ ቀለም አያለሁ። ሐኪሙ ስንጠራ የአሁኑን ምስል ከድሮው ጎን አደረገ፣ እንደ ባለፈው ደጋግሞ አየው።

«ተሽሎታል» አለ። «እንደ መጀመሪያው ባይሆንም ለመርፌው የሚበቃ ነው። እንቀጥላለን።»

አክስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ሐኪሙ ምን ምን እንዳደረግን ጠየቀ፤ አክስቴ ያበላነውን መቁጠር ጀመረች፣ እኔ ጨውን ነገርኩት፣ እናቴ ቀስ ብላ፣ እንቁላል ፍለጋ እሄዳለሁ አለች። ሳቀ። ለብዙ ሳምንት የያዝኩትን ጥያቄ ያኔ ጠየቅኩት።

«ዶክተር፣ የሠራው የትኛው ነው?»

«እኔም አላውቅም» አለኝ። «ክኒኑ ሊሆን ይችላል። እግራቸው ሊሆን ይችላል። ድስቱም ሊሆን ይችላል፤ መርፌው ማረፉም አለ። ለይተን አላየነውም። አንተ ግን ምንም እንዳትቀንስ።»

በእኔ ሥራ እንዲህ ብሎ ስልክ የሚመልስ ሰው ደንበኛው አይመለስም። እሱ ግን እውነቱን ነው፤ እኔም ከዚያ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስድስታችን እንደገና ቤታችን ነበርን። የውጭው በር ተንኳኳ። እናቴ ከሶፋው ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ዞረች። አክስቴ ክንዷን ያዘቻት።

«ተቀመጪ» አለቻት። «ዛሬ ተቀምጠሽ ይጠይቁሽ።»

እናቴ ተቀመጠች፤ እጇን የት እንደምታደርገው አላወቀችም። ጠያቂዎቹም ገብተው ሶፋ ላይ ሲያገኟት ለአፍታ የመጡበት ጠፋባቸው፤ ከዚያ እነሱም ተቀመጡ።

እነሱ ከሄዱ በኋላ፣ እናቴን ለማራመድ ብሎ እንቁላሉን ማን እንዳራቀው ጠየቅኩ። እትዬ ሲሊንደሩ ነው አሉ። ልጃቸው እናቴ ናት አርቂው ያለችኝ አለች፤ የማንኛችን እናት እንደሆነ ስጠይቃት ሕፃኑን ማጥባት ጀመረች። እህቴ ሐሳቡ የአክስቴ ነው አለች፤ ይኼ ጨርሶ የማይሆን ነው፣ ግን አክስቴ አልካደችም። እናቴ ዶሮ እንደሌለ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ አለች፤ አውቃ ለምን እንደሄደች ግን አልተናገረችም።

እኔ ያየሁት ይኼን ነው፤ ያላየሁት ይበልጣል። አክስቴ፣ ስኒከሩ እነዚያን ቀናት የት ነበር? እህቴ፣ የቅቤው ፌስታል መጨረሻ ላይ ወዴት ሄደ? እትዬ ፊደል ስላልቆጠሩ ልጃቸው ታንብብላቸው፤ በዚያ አመሻሽ ሐኪሙ ያለውን ስናገር ሰምተው የትኛውን ቃል ይዘው እንደወጡ ይንገሩኝ። የሱቁን እንቁላል መግዛት የተጀመረው ከስንተኛው ቀን እንደሆነም የእትዬ ልጅ ትጨምርበት። እማዬ፣ አንቺ ደግሞ አናጺው በር ላይ መቀመጥ የተውሽበትን ጠዋት ታስታውሺው ከሆነ ጻፊልኝ ወይም ንገሪኝ፤ እኔ ያን ጠዋት ሥራ ላይ ነበርኩ።